ለአንድ ሊትር ወተት ስንት ግሳት? የስንዴ ጭድን በዩሪያ ማከም

የላም ጋዝ ዓለምን ያሞቃል ሲባል ሰው ከኋላ የሚወጣውን እያሰበ ይስቃል። አብዛኛው ግን የሚወጣው በአፍ ነው። ሆዷ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ህዋሳት መኖውን ሲያብላሉት ሚቴን ይፈጠራል፣ እሷም ታገሳዋለች። በ100 ዓመት ሲሰላ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል፣ አየር ላይ የሚቆየው ግን 12 ዓመት አካባቢ ነው። ክርክሩ የሚጦፈውም እዚህ ነው። አንዱ ከብት ይቀነስ ይላል፣ ሌላው የሀብታም አገር መኪናና ፋብሪካ እያለ የኔ ላም ምን አጠፋች ይላል።

ለእኔ ጥያቄው ሌላ ነው። ደረቅ ጭድ ብቻ የምትበላ የሀበሻ ላም በቀን 1 ሊትር ተኩል ብትታለብ ነው፣ ግሳቷ ግን አይቀርም። እንግዲህ መኖውን እናሻሽል፦ ጠንካራውን ጭድ በዩሪያ፣ ማለትም እርሻ ላይ በምንበትነው ማዳበሪያ፣ አክመን እናለስልሰው።

መጀመሪያ ጭድ ምረጡ። የጤፍ ጭድ ካላችሁ ዩሪያ አታባክኑበት፣ ድሮም ደህና ነው። የሚታከመው ጠንካራው የስንዴና የገብስ ጭድ ነው።

ለ100 ኪሎ ጭድ 5 ኪሎ ዩሪያና 100 ሊትር ውሃ ይበቃል። ዩሪያው ውሃው ውስጥ እስኪሟሟ አማስሉት። ጉድጓድ ቆፍሩና ውስጡን ላስቲክ አልብሱ፣ ከዚያ ጭዱን በስሱ እየነሰነሳችሁ፣ በአትክልት ማጠጫ እያርከፈከፋችሁ፣ በእግር ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እየረገጣችሁ እስኪሞላ ቀጥሉ። ላዩን በላስቲክ ሸፍናችሁ አፈር ጫኑበት። አየር እንዳይገባ! እኔ በመጀመሪያው ዙር ጠርዙን ቸል ብዬ አንድ ጎኑ በሙሉ ሻገተብኝ፣ ተደፋ።

21 ቀን ይቆይ፣ ብርዳማ ደጋ ከሆነ አንድ ወር። ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተቀይሮ ጠንካራውን ቃጫ ያላላዋል። ሲከፈት ቡናማ ሆኖ አፍንጫ የሚሰነፍግ ሽታ ካለው ተሳክቷል። የቀኑን ብቻ አውጡ፣ ሌሊቱን አየር ላይ አሳድሩት፣ የቀረውን መልሳችሁ ክደኑ። ላሟ መጀመሪያ ታኮርፋለች። ካልታከመው ጋር እየቀላቀላችሁ በሳምንት ውስጥ አስለምዷት።

አሁን ቀልድ የለም፦ ዩሪያ ይገድላል። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ የታከመውን ጭድ አትስጡ። የተረፈውን የዩሪያ ውሃ ከብት እንዳይጠጣው ወዲያው ድፉት፣ ከረጢቱንም ቆልፉበት። ሆዷ ከተነፋ፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ምራቅ ካዝረበረበች እስከ ነገ ብላችሁ አትጠብቁ፣ የእንስሳት ሐኪም በዚያው ሰዓት ጥሩ።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ጭዱ ሲጥማት ብዙ ስለምትበላ የአንዷ ላም ጠቅላላ ግሳት ላይቀንስ፣ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። ወተቷ ስለሚጨምር ግን ግሳቱ ለሊትር ሲካፈል ይቀንሳል። የሦስቱን ላም ወተት ከሁለቱ ማግኘት ስትጀምሩ ሦስተኛዋን ሽጡና በገንዘቡ ፋጉሎ (የቅባት እህል ተጨምቆ የሚቀረውን መኖ) ግዙ።