ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያልቻለ ልጅ፦ በአንደኛ ክፍል መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

በዲማና በዋሸራ የቅኔ አገር በጎጃም፣ 231ዱን ፊደል ከሀ እስከ ፖ ሳይደናቀፍ የሚያነበንብ፣ «ላባ» የሚል ቃል ሲያይ ግን የሚደናገር የአንደኛ ክፍል ልጅ ያሳዝናል። ጥፋቱ የልጁ አይደለም።

መጀመሪያው ስህተት ገበታውን በተርታ ብቻ ማስጮህ ነው። ልጁ የሚይዘው ዜማውን እንጂ ቅርጹን አይደለም፤ «ቤ»ን ለብቻው ብታሳዩት ከ«በ» ተነሥቶ ይቆጥራል። የኔታዎች ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ተርታው ሲሰበር ልጁ ፊደሉን በመልኩ እንዲለይ ነው። አቡጊዳውም ከተሸመደደ ግን ጥቅሙ ይቀራል። ስለዚህ ለ፣ ላ፣ በ፣ ባ፣ መ፣ ማ፣ ረ፣ ራን በካርቶን ቁራጭ ጽፋችሁ እያደባለቃችሁ አስነብቡ። በእነዚህ 8 ፊደላት ላባ፣ ባላ፣ ማማ፣ በራ ወዲያው ይነበባሉ፤ ማማ ላይ ወጥቶ ሰብል የጠበቀ ልጅ ያነበበውን ያውቀዋል።

ሰና ሸን፣ ተና ቸን፣ ጠና ጨን በአንድ ቀን ማስተማርም ያምታታል። አንዱ እስኪጸና ሌላውን አቆዩት።

ከሁሉ የሚከብደው ሳድስ፣ ማለትም እንደ ል፣ ብ፣ ስ ያለው ስድስተኛው የፊደል መልክ ነው። ሉ፣ ቡ፣ ሙን የለየ ልጅ ሱን አይቶ ይገምታል፤ ሳድስ ግን ቅርጹም ወጥ አይደለም፣ ድምፁም። «ልብስ» ሲባል ል አናባቢ አላት፣ ብ እና ስ የላቸውም። ሦስቱን ነጣጥሎ እኩል የሚያስጠራ መምህር፣ ፊደሉን ሁሉ አውቆ ቃሉን የሚያጣ ልጅ ያፈራል። ቃሉን አንዴ በአፍ አስብሉት፤ ፊደላቱን በጣቱ እያስነካችሁ ሳይቆራረጥ ይሳበው። ከዚያ እናንተ ሳትጠሩለት «ምርት»ን፣ «ድርቅ»ን ስጡት። የሚጠብቀውና የሚላላው በፊደል ስለማይለይ «ገና»ን የመሰለ ቃል ሁልጊዜ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ይነበብ።

60 ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያነብ ከኋላ ያለው ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ መምህሩም አይሰማውም። ክፍሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲያነብ በየቀኑ 5 ልጅ ለብቻ ብታዳምጡ፣ በ12 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ልጁ ቃል ላይ ሲቆም አትቅደሙት፤ በልባችሁ እስከ 5 ቁጠሩና የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ንገሩት። «ተቀመጥ!» ብሎ ወደ ጎበዙ ማለፍ ልጁን ከንባብ ያርቀዋል።

ከሰሌዳ ማስገልበጥን እንደ ጽሕፈት አትቁጠሩት። ሰሌዳውን አጥፉና ከተገለበጡት ቃላት 3ቱን ጥሩለት፤ መጻፍ ካቃተው ሲገለብጥ የነበረው ሥዕል ነው።