ገጹን በቃሉ የሚያነበው ልጅ፦ ስለ ዲስሌክሲያ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጃቸውን ይዘው፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች ወደማስጠናበት፣ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ግርጌ ወዳለችው ክፍሌ መጡ። «መምህር፣ ልጄ ማንበቡን ያነባል፤ ፈተና ሲሆን ግን ዜሮ ይዞ ይመጣል፤ ስንፍና ይሁን ሌላ አላውቅም» አሉኝ። ልጁ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ሙሉ ገጽ፣ በነጠላ ሰረዙ ላይ እንኳ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ በሚያምር ድምፅ አወረደው። እኔ ደግሞ ከሻይ ቅጠል ካርቶን የቆረጥኳት፣ መካከሏ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ ያላት ካርድ አለችኝ። በዚያው ገጽ ላይ አሳረፍኳትና «ይህቺ ማን ናት?» አልኩት። «ጨ»ን «ጠ» አለኝ። ገፋ አድርጌ «ሴ»ን ባሳየው «ሲ» አለ። በሦስተኛው ላይ መጽሐፉን ትቶ የእናቱን ፊት ያይ ጀመር። ለካ ታላቅ እኅቱ ማታ ማታ ጮክ ብላ ስታነብለት ገጹን በጆሮው ይዞት ኖሯል።

ያንን የልጁን አተያይ አውቀዋለሁ፤ እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ያነበብኩት እንዲሁ ነበር። ዲስሌክሲያ የሚለውን ቃል የሰማሁት ግን መምህር ከሆንኩ በኋላ ነው፤ አእምሮው ደኅና የሆነን ሰው ማንበብና መጻፍ ላይ የሚያስቸግር ሁኔታ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች በወላጆች፣ በመምህራንና ዲስሌክሲያ ባለባቸው ጎልማሶች ላይ ያየኋቸው ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው ሦስቱን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ሽምደዳን እንደ ንባብ መቁጠር

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ሲያወርደው እንግዳ ፊት ይጨበጨብለታል፣ አባት ይኮራል፣ መምህሩም ምልክት አድርጎ ያልፋል። በገበታው ላይ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ተደርድረው 231 ይሆናሉ፤ ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ ይህን ሁሉ እንደ መዝሙር ሊይዘው ይችላል፤ በዜማ የሰማውን መያዝ አይሳነውምና። የሚቸገረው «ጎ» ከቤተሰቦቿ ተለይታ ብቻዋን ስትቆምበት ነው፤ ያን ጊዜ በሆዱ ከ«ገ» ተነሥቶ እየቆጠረ ሰባተኛዋ ላይ እስኪደርስ ድረስ ጓደኞቹ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰውታል። እርሱ በሽምደዳ ክፍል እያለፈ እስከ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ይዘልቃል፤ ከዚያ ጽሑፉ ሲበዛና ሥዕሉ ሲያንስ በአንድ ጊዜ ይወድቃል፤ እኛም «ድሮ ጎበዝ ነበር፤ አሁን ምን ነካው?» እንላለን። ምንም አልነካውም፤ ድሮም አላነበበም ነበር።

የሚገርመው አባቶቻችን ይህን ማወቃቸው ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ የሚጀምረው ለምን ይመስልዎታል? «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ፊደሉንም ሆነ ቤቱን በየደረጃው ስለሚያፈልስ በዜማ ብቻ የያዘው ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል፤ የኔታም በስንደዶ ከገበታው ላይ አንዷን ከዚህ፣ አንዷን ከዚያ እየነኩ ይጠይቁ ነበር። እኛ ዜማውን አስቀርተን ስንደዶውን ጣልነው። እኔ ራሴ በማስተማር ሥራዬ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲጮኽ ሰምቼ «ክፍሌ ያነባል» ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ።

ስለዚህ ልጅዎን መፈተን ከፈለጉ የሚያውቀውን ገጽ አያስነብቡት። ትርጉም የሌላቸው እንደ «ቡሚ»፣ «ጌላ»፣ «ሶዱ» ያሉ ቃላት ጽፈው ያሳዩት፤ እነዚህን ማንም በቃሉ ሊይዛቸው አይችልም። ሲያስተምሩ ደግሞ ቅርጻቸው ሥርዓት ካላቸው ፊደላት ይነሡ፤ «በ» ካዕብ ስትሆን ከወገቧ፣ ሣልስ ስትሆን ከእግሯ ጭረት እንደምታወጣ፣ ኀምስ ስትሆን ቀለበት እንደምታደርግ በጣቱ እየዳሰሰና ድምፁን እያወጣ ይማር፤ ከዚያ «ለ»ንና «ሰ»ን በዚያው ሥርዓት ይጨምሩለት። እንደ «ረ» ያሉትን ዐመፀኞች ወደ ኋላ ያቆዩአቸው። «ጠ»ንና «ጨ»ን፣ «ደ»ንና «ጀ»ን፣ «ነ»ንና «ኘ»ን በአንድ ሳምንት አያስተምሩ፤ በመልክም በድምፅም መንታ ስለሆኑ የመጀመሪያው ሳይረጋ ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ እሑድ ሦስት ሰዓት ማስጠናት ግን ልጁን ከማስለቀስ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

ችግሩን ዓይን ላይ መፈለግ

በመነጽር ገንዘብ የጨረሱ ወላጆች ብዙ ናቸው። በርግጥ ዓይንም ጆሮም አንድ ጊዜ መመርመር አለበት፤ ሰሌዳው የማይታየው ወይም በደንብ የማይሰማ ልጅ በሌላ ስም እንዳይጠራ። ነገር ግን ምርመራው «ደኅና ነው» ካለ ነገሩን እዚያው ይተዉት። ስህተቱ የራሱ ታሪክ አለው፤ «ዲስሌክሲያ» የሚለውን ስም ያወጡት ሩዶልፍ በርሊን የተባሉ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ሲሆኑ፣ ስለ ጉዳዩ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ታትሟል። በ1896 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በትምህርት ቤቱ ከማንም የማያንስ፣ ማንበብ ግን ያቃተውን የ14 ዓመት ልጅ ሲገልጹ ነገሩን «የቃል ዕውርነት» ብለውታል። ዛሬ የሚታወቀው ግን ዋናው ድካም ቃልን ወደ ድምፆቹ መበተንና ድምፁን ከፊደሉ ጋር በፍጥነት ማጣመር ላይ መሆኑ ነው። ባለቀለም መነጽርም ሆነ የዓይን እንቅስቃሴ ሥልጠና ዲስሌክሲያን እንደሚያሻሽል የሚያሳምን ማስረጃ የለም።

የማያነበውን ሁሉ ዲስሌክሲያ ማለት

ቃሉን አዲስ የሰሙ መምህራን ክፍሉን በሙሉ ዲስሌክሲያ አለበት ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ ይህን ያህል ልጅ ዲስሌክሲያ ሊኖርበት አይችልም፤ ያልተማረ ወይም በማያውቀው ቋንቋ የተማረ ልጅ ነው። መለያው ጊዜና ሥርዓት ያለው ትምህርት ነው። ለወራት በየቀኑ በአግባቡ ተምሮ እኩዮቹ ሲያልፉ እርሱ እዚያው ከቀረ፣ በተለይም ከአባቱ፣ ከእናቱ ወይም ከአጎቶቹ አንዱ በንባብ ሲቸገር የኖረ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ይጠርጥሩ፤ ዲስሌክሲያ በዘር ይወርዳልና።

«ይህ የእንግሊዝኛ ችግር ነው፤ በእኛ ፊደል የለም» ማለት

ፊደላችን እንደሚጻፍ ይነበባል በሚለው ኩራት የሚነገር ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ዲስሌክሲያ ያለባቸውን ጣሊያናውያን፣ ፈረንሳውያንና እንግሊዛውያን አነጻጽሮ፣ አጻጻፋቸው ቀጥተኛ የሆነላቸው ጣሊያናውያን አነስተኛ ስህተት ቢሠሩም በሦስቱም ላይ ሲያነቡ በግራው የአንጎል ክፍል የታየው ድካም አንድ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። እንዲህ ባለ አጻጻፍ ችግሩ በስህተት ሳይሆን በዝግታ ይገለጣል። የእኛው ልጅም በመጨረሻ ፊደሉን ይለየዋል፤ ነገር ግን ሲጎተት፣ ሲደክም፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ሲረሳ እናገኘዋለን።

ፊደላችንም ቢሆን ወጥመድ አያጣም። «ገና» እና «አለ» መጥበቃቸውን ወይም መላላታቸውን ከዓረፍተ ነገሩ እንጂ ከጽሑፉ አናገኝም። ሳድስ አንድ ጊዜ አናባቢ ይዞ፣ ሌላ ጊዜ ያለ አናባቢ ይነበባል። «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በድምፅ አንድ ስለሆኑ በዲክቴሽን ጊዜ ልጁን የሚረዳው ጆሮው ሳይሆን የቃሉ መልክ ትውስታ ነው፤ እርሱ ደግሞ የደከመበት ነገር ነው። እኔ እስከ ዛሬ «ዓመት» ስጽፍ እጄ ይዘገያል።

ሐዋሳ ላይ ይህ ሁሉ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ብዙ ልጆቻችን ሲዳሙ አፎን፣ ማለትም የሲዳማን ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል፣ አማርኛን በግእዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛን ደግሞ እንደገና በላቲን ይማራሉ። «ኤክስ» የምትባለው ፊደል በሲዳሙ አፎ የ«ጥ»ን ድምፅ ስትሰጥ በእንግሊዝኛ «ክስ» ትላለች። ወላጆች ግራ ሲገባቸው ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ይከለክላሉ፤ ይህ ከባድ ስህተት ነው። ሁለት ቋንቋ መናገር ዲስሌክሲያን አያመጣም፤ ልጁ አፉን በፈታበት ቋንቋ የቃላትን ድምፅ መለየት ቢማር ለሌላውም ይጠቅመዋል። ሲዳሙ አፎ የሚጠብቀውን ድምፅ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ፣ አማርኛው ላይ «ገና»ን ሲያነብ ሁልጊዜ የሚሳሳት አንድ ተማሪዬ እዚያ ላይ አይሳሳትም።

ሃምሳ ጊዜ ገልብጥ ማለት

መገልበጥ እጅን እንጂ ንባብን አያስተምርም።

በክፍል ፊት አቁሞ ማስነበብ

ይህን ሁለተኛ ክፍል ስማር ተደርጎብኛል፤ መምህር ስሆን ደግሞ በሌላ ልጅ ላይ አድርጌዋለሁ። ልጁ በሚቀጥለው ቀን የንባብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ እኔም በእርሱ ዕድሜ ይህንኑ ሆድ ሕመም ስለማውቀው ነው ያፈርኩት። ማስነበብ ግድ ከሆነ አንቀጹን ከአንድ ቀን በፊት ይስጡትና ተዘጋጅቶበት ይምጣ።

«ሲያድግ ይተወዋል» ማለት

አይተወውም። ንባቡ በትክክለኛ ትምህርት ብዙ ይሻሻላል፤ ዝግታውና የአጻጻፍ ስህተቱ ግን አብረው ያረጃሉ። «ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ አላቸው» የሚለው ማጽናኛም ከዚህ አይሻልም፤ በሥዕል ጎበዝ ያልሆነ ልጅ በዚህ ሁለተኛ ጊዜ ይወድቃል።

ጎልማሳ ሆኖ መደበቅ

እኛ አዋቂዎቹ ከልጁ የበለጠ ጥበበኞች ነን። መነጽሬን ረሳሁ እንላለን፣ እጃችንን አሞናል ብለን ፎርሙን ሌላ ሰው እንዲሞላልን እናደርጋለን፣ በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሲመረጥ ስልክ ተደወለልን ብለን እንወጣለን። እኔ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ መነጽር ሳይኖረኝ መነጽሬን እየረሳሁ ኖሬያለሁ። መደበቁ ራሱ ሥራ ነው፤ ሲመሽ የሚሰማኝ ድካም ከንባቡ ይልቅ ከእርሱ የሚመጣ ነበር።

ዋጋም ያስከፍላል። አንድ ጊዜ ለወንድሜ 4,000 ብር በስልኬ በምልክበት ጊዜ፣ 13 አሃዝ ካለው የሂሳብ ቁጥር ውስጥ 58ን 85 አድርጌ ጻፍኩት። ስልኩ የተቀባዩን ስም አሳይቶኝ ነበር፤ ስሙ እንደ ወንድሜ ስም በ«ተ» ስለሚጀምር የቀረውን እንደ ልማዴ ገምቼ «አረጋግጥ» የሚለውን ነካሁ። ገንዘቡ የተመለሰው በተቀባዩ ደግነት ከ11 ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር አልጽፍም፤ ከመልእክቱ ላይ ገልብጬ እለጥፋለሁ፤ ካልሆነም በአራት በአራት ከፍዬ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ስሙንም ከመጨረሻው ፊደል ጀምሬ አያለሁ። በባንክ መስኮት «ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ይጠብቁኝ» ማለትን ስለምድ ማንም እንደማይስቅ አወቅኩ።

አሞራ ገደል አካባቢ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣት የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቆ ወደ እኔ መጣ። የመንገድ ምልክቶቹን ስጠይቀው አንድም አልሳተም። ጥያቄዎቹን አብረን ስናይ ግን «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚለውን ሁሉ «ትክክል የሆነው» ብሎ እንደሚያነብ ተረዳሁ፤ መካከል ያለችውን «ያል» ዓይኑ ይዘልላታል። ሌላ ምንም አላስተማርኩትም፤ ከመልሱ በፊት በየጥያቄው ውስጥ «ያል» እና «አይ» መኖራቸውን በጣቱ እንዲፈልግ ብቻ አለማመድኩት። በሦስተኛው አለፈ።

የጥቅምቱ ልጅ አሁን ራብዕ ላይ ደርሷል፤ «ባ»ንና «ሳ»ን ብቻቸውን ቢያገኛቸው አይደነግጥም፤ «ጨ» ግን ገና ወረፋዋን እየጠበቀች ናት። ባለፈው ዓርብ ሊወስደው የመጡት አባቱ ነበሩ። የሳምንቱን የቤት ልምምድ የጻፍኩበትን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ገልበጥ አድርገው አዩትና «መምህር፣ መነጽሬን ቤት ረስቼው መጣሁ» አሉኝ። ወረቀቱን መልሼ ተቀበልኳቸውና ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ልምምዱን ከዚያ ቀን ጀምሮ የምልክላቸው በድምፅ መልእክት ነው።