ፀሐይን በቴሌስኮፕ በደህና እንዴት እናያለን?

ብዙ ሰው ቴሌስኮፕ የሌሊት ዕቃ ይመስለዋል። እኔ የምጠቀምበት በአብዛኛው በቀን ነው። ከከዋክብት ሁሉ ፊቷን በዝርዝር በራሳችን ቴሌስኮፕ ማየት የምንችለው ፀሐይን ብቻ ነው። ትናንት ያየሁት ጥቁር ነጠብጣብ ዛሬ ፈቀቅ ብሎ አገኘዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ያለ ትክክለኛ ማጣሪያ በቴሌስኮፕ ፀሐይን ለአፍታ እንኳ ማየት ዓይን ያጠፋል። በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ሬቲና፣ ደግሞ ሕመም አይሰማውም። ስለዚህ «ካመመኝ ዞር እላለሁ» ብሎ ነገር የለም።

ዕቃውን መምረጥ

ለመጀመር ቀላሉ ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ማለትም ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ የሚገጠም የፀሐይ ፊልም ነው። ለዓይን የሚሠራው ከ100,000 እጅ ብርሃን አንዱን ብቻ ያሳልፋል። ነጠብጣቦቹን በደንብ ታዩበታላችሁ። ሄርሸል ዌጅ የሚባለው ፕሪዝም የበለጠ ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ነገር ግን በሌንስ ለሚሠራ ቴሌስኮፕ ብቻ ነው።

እኔን የማረከኝ ሃይድሮጅን አልፋ የሚባለው የፀሐይ ቴሌስኮፕ ነው። ይህ ቴሌስኮፕ 656.3 ናኖሜትር ላይ ያለውን አንድ ቀጭን ቀይ ብርሃን ብቻ ለይቶ ያሳልፋል። የሚያሳልፈው ስፋት ከ0.1 ናኖሜትር በታች ነው። በእሱ ከፀሐይ ጠርዝ ተነስቶ የሚንጠለጠል ጋዝ ይታያል።

እዚህ ላይ ስም እንዳያሳስታችሁ። ለሌሊት ፎቶ የሚሸጡ «ሃይድሮጅን አልፋ» የተባሉ ማጣሪያዎች አሉ። የሚያሳልፉት ብርሃን በጣም ሰፊ ስለሆነ ለፀሐይ ፈጽሞ አይሆኑም። በዓይን በኩል፣ አይፒሱ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ላይ የሚጠመዘዙ ትንንሽ የፀሐይ ማጣሪያዎችንም ጣሏቸው። እነሱ ያሉት ሙቀቱ በሚከማችበት ቦታ ስለሆነ ድንገት ይሰነጠቃሉ። የግርዶሽ መነጽር አድርጎ በቴሌስኮፕ ማየትም ያው አደጋ ነው።

መፈተሽ

ፊልሙን ወደ ደማቅ አምፖል አንስታችሁ እዩበት። የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ ካበራች አትጠቀሙበት። ከገጠማችሁ በኋላ ነፋስ እንዳያነሳው ዙሪያውን በፕላስተር እሰሩት። የሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ከሆነ ከአይፒሱ በፊት ያለውን ማገጃ ማጣሪያ በፍጹም በሌላ ተራ ዕቃ አትተኩ። አሮጌ ከገዛችሁ መስታወቶቹ ላይ እንደ ዝገት ያለ ጉም መኖሩን እዩ። ካለ ሳይቀየር ዓይን አይጠጋም።

ማነጣጠር

መጀመሪያ ትንሿን ማነጣጠሪያ ቴሌስኮፕ ንቀሉ። ክዳን ይበቃታል ብዬ ነበር። አንድ ጠዋት ክዳኑን ረሳሁና አይፒሱ ላይ አጎንብሼ ሳለ የሆነ ነገር ሲቃጠል ሸተተኝ። ሸሚዜ ትከሻው ላይ ተበስቷል፤ ቀዳዳው የምስር ፍሬ ያህላል። ያን ጊዜ ዓይኔ እዚያ ቢሆንስ? ከዚያ ቀን ወዲህ እቤት ትቻት ነው የምወጣው።

ፀሐይን ለማግኘት መሬት ላይ ያለውን የቴሌስኮፑን ጥላ ተመልከቱ። ጥላው በጣም ሲያጥርና ክብ ሲሆን ቀጥ ብላችኋል ማለት ነው።

መቃኘት

ይህ ክፍል ለሃይድሮጅን አልፋ ቴሌስኮፕ ነው። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። እኔም በመጀመሪያው ቀን ያየሁት ልሙጥ ቀይ ክብ ብቻ ነበር። ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። ዕቃው ደህና ነበር። አልቃኘሁትም፣ አልታገስኩምም።

ኤታሎን የሚባለው ክፍል ነው ያንን ቀጭን ብርሃን የሚለየው። በቀለበት ወይም በአየር ግፊት ይስተካከላል። በዝቅተኛ ማጉያ ጀምሩ፤ ከ30 እስከ 50 እጥፍ ይበቃል። መጀመሪያ የፀሐይን ጠርዝ እንደ ምላጭ እስኪጠራ ድረስ ፎከሱን አስተካክሉ። ከዚያ መቃኛውን በጣም ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ልሙጡ ክብ ትንሽ ይጠቁርና ቆዳው ሻካራ ይሆናል። ቀጥሎ ጥቁር ክር የመሰሉ መስመሮች ብቅ ይላሉ። እነሱን ስታዩ ቁሙ። እንደገና ፎከስ አድርጉ፤ እንደገና በጥቂቱ ቃኙ።

እነዚያ ክሮች ጠርዝ ላይ ከሚያበራው ጋዝ ጋር አንድ ናቸው። ከጀርባቸው ደማቋ ፀሐይ ስትሆን ይጠቁራሉ፤ ጥቁር ሰማይ ሲሆን ያበራሉ። ይህን ሳውቅ የማየው ሁሉ ትርጉም አገኘ።

ሦስት ነገሮች በጣም ረድተውኛል። አንደኛ፣ ራሴንና አይፒሱን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን፤ የቀን ብርሃን ዓይንን ያደነዝዛል። ሁለተኛ፣ ፀሐይን መሃል ላይ ብቻ አለማቆየት፤ ኤታሎኑ በደንብ የሚሠራበት ቦታ ትንሽ ወደ ጎን ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ ጠዋት ላይ፣ ከአስፋልትና ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ ሣር ላይ መቆም፤ ከነሱ የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል። ያም ሆኖ አየሩ ጸጥ የሚለው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ዓይናችሁን ሳትነቅሉ አሥር ደቂቃ ጠብቁ።

አንድ ቀን እንዲህ ስጠብቅ ከፀሐይ ግራ ጠርዝ ላይ እንደ ቅስት የጎበጠ ጋዝ አየሁ። ውኃ ልጠጣ ገብቼ ስመለስ፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ አንደኛው እግሩ ተበጥሷል። የፀሐይ ስፋት የምድርን 109 እጥፍ ነው። በዚያ ልክ ስገምተው፣ ያ ቅስት ከሥሩ ምድርን ያሳልፍ ነበር።

ለውኃው ስገባ ክዳኑን ገጥሜ፣ ቴሌስኮፑንም ከፀሐይ አዙሬ ነበር። በተለይ ልጆች ካሉ ለደቂቃም ቢሆን እንደተነጣጠረ ትታችሁት አትሂዱ። ስትጨርሱም መጀመሪያ ከፀሐይ አዙሩት፤ ማጣሪያው የሚወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።