ዜድስታንዳርድ፦ ፋይል ሳይጎዳ በተርሚናል መጭመቅ

ቴሌግራም ላይ ፎቶ በፎቶነት ስትልኩ ጥራቱ ወርዶ ነው የሚደርሰው፣ በፋይልነት ስትልኩት ግን እንዳለ ይሄዳል አይደል? ዛሬ የማወራው ጥራት ስለማይነካው አጨማመቅ፣ ዜድስታንዳርድ ስለሚባለው መጭመቂያ ፕሮግራም ነው፣ የሚሠራውም በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ (ኮማንድ) በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት ነው። ፋይሉ ያንሳል፣ ሲፈታ ግን አንዲት ቢት ሳትጎድል ያው ራሱ ነው። ለዳታቤዝ ባካፕ፣ ለሎግ (ፕሮግራም የሚሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል)፣ ለኮድ ከዚህ ውጪ የሚሆን የለም፣ የሂሳብ መዝገብ ላይ "ትንሽ ጥራቱ ወርዷል" የሚባል ነገር የለማ።

እኔ ድሮ ጂዚፕ የሚባለውን መጭመቂያ ነበር የምጠቀመው። በፈረንጆቹ 1992 ላይ የወጣ ሽማግሌ ነው፣ የትኛውም ሊኑክስ ሰርቨር ላይ አታጡትም፣ ግን አንድ ጠባይ አለው፣ ጨምቆ ሲጨርስ ዋናውን ፋይል ያጠፋዋል (ዳሽ ኬ ካላላችሁት በስተቀር፣ ዳሽ ስል የመቀነስ ምልክቷን ነው)። ይሄን ሳላውቅ አንዴ የሥራ ፋይል ላይ ለቅቄው ተመልሼ ሳይ ፋይሉ የለም፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ለካ የተጨመቀው እዛው ከጎን ቁጭ ብሏል። ዜድስታንዳርድ ግን ሁለት ዳሽ አርኤም ብላችሁ ካላዘዛችሁት ዋናውን አይነካም። ያን ኮሌት የሚባል ፕሮግራመር ፌስቡክ ውስጥ እያለ የሠራው ነው፣ ቨርዥን 1.0 የወጣው በፈረንጆቹ 2016 ላይ ነው፣ ነፃ ነው ኮዱም ክፍት ነው።

ኮማንዱ አራት የላቲን ትናንሽ ፊደሎች ነው፣ ዜድ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ዲ። እዚህ ዜድኤስቲዲ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ተርሚናል ላይ እናንተ ወደ ላቲን መልሱት። ኡቡንቱ ላይ በኤፒቲ፣ ማክ ላይ በብሪው (ሁለቱም ፕሮግራም መጫኛ ኮማንዶች ናቸው) ይጫናል፣ የፓኬጁ ስምም ያው አራቱ ፊደል ነው።

ከዛ በኋላ ቀላል ነው፣ ባካፕ.ኤስኪውኤል የሚባል ፋይል አለን እንበል፣ ሲጨመቅ ስሙ መጨረሻ ላይ .ዜድኤስቲ ይጨመርበታል፦

ለመጨመቅ፦ ዜድኤስቲዲ ባካፕ.ኤስኪውኤል
ለመፍታት፦ ዜድኤስቲዲ ዳሽ ዲ ባካፕ.ኤስኪውኤል.ዜድኤስቲ
ደህና መሆኑን ለማየት፦ ዜድኤስቲዲ ዳሽ ቲ ባካፕ.ኤስኪውኤል.ዜድኤስቲ

ሦስተኛዋን እንዳትንቋት። ዋናውን ፋይል ከማጥፋታችሁ በፊት ሁሌ አሂዷት፣ በተለይ መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ከነበረ፣ ምክንያቱም ግማሽ የተጻፈ ፋይልም ስሙ ሲታይ ሙሉ ነው የሚመስለው። ይቺ ኮማንድ ፋይሉን ዲስክ ላይ ሳትጽፍ እስከ መጨረሻው ትፈታውና ከውስጡ ካለው ቼክሰም (ከዳታው ተሰልቶ የተቀመጠ መፈተሻ ቁጥር) ጋር ታስተያያለች፣ የተቆረጠ ከሆነ ትነግራችኋለች።

አሁን ሌቭል፣ ማለትም ምን ያህል አጥብቆ ይጨምቅ የሚለው ቁጥር። ከ1 እስከ 19 አለ፣ ምንም ካላላችሁት 3 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ትልቅ ቁጥር ሲያይ ዘሎ ዳሽ 19 ይላል ከዛ ላፕቶፑ ሲጮህ ያመሻል። 19 ላይ መጭመቁ በጣም ነው የሚዘገየው፣ መፍታቱ ግን ሌቭሉ ምንም ይሁን ፍጥነቱ ያን ያህል አይለያይም። ስለዚህ በየማታው ለሚወሰድ ባካፕ 3 ይበቃል፣ አንዴ ተጨምቆ ብዙ ሰው በሞባይል ዳታ ለሚያወርደው ፋይል ግን 19 ላይ ብትቆዩለት አይቆጭም፣ የሚቆጠበው የሰው ፓኬጅ ነው። ሁለት ዳሽ አልትራ ብሎ እስከ 22 የሚያስኬድም አለ፣ ራም ይበላል፣ እኔ ብዙም አልጠቀመውም። ትልቅ ፋይል ሲሆን ዳሽ ትልቁ ቲ ከዛ 0 ጨምሩበት፣ ክፍተት የለውም፣ የኮምፒውተሩን ኮሮች (የፕሮሰሰሩን ሠራተኛ ክፍሎች) በሙሉ ያሠራቸዋል።

የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጠራቅም ሰው ደግሞ ልዩ ተጠቃሚ ነው። ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ 8 አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የኛ አንዱ ፊደል 3 ባይት ነው፣ "ኢትዮጵያ" ብቻዋን 15 ባይት። ግን ከሦስቱ ባይት የመጀመሪያው ከሀ እስከ ፐ ላለው ሁሉ አንድ ነው፣ 225፣ ሁለተኛውም ከ6 ቁጥሮች አንዱ ነው፣ ብዙ የሚለዋወጠው ሦስተኛው ነው። መጭመቂያ ደግሞ የሚኖረው በድግግሞሽ ነው፣ ቃሏ ድጋሚ ስትመጣ መልሶ አይጽፋትም፣ "ይሄን ያህል ወደኋላ ሄደህ 15 ባይት ቅዳ" ብሎ ነው የሚያልፋት፣ ቶሎ ቶሎ ለሚመጣ ነገርም አጭር ኮድ ይሰጠዋል። ስለዚህ በፊደላችን የከፈልነውን ትርፍ ባይት አብዛኛውን ይመልስልናል።

ጄፔግ፣ ኤምፒ3፣ ኤምፒ4 ላይ ግን አትድከሙ። እነሱ ቀድመው ተጨምቀዋል፣ የተጨመቀ ሎሚ ነው፣ የሠርግ ቪዲዮ ሌቭል 19 ላይ ብታሳድሩት ጠዋት የምታገኙት ያንኑ መጠን ነው ማለት ይቻላል።

ፎልደር ከሆነ ይሄ ኮማንድ ብቻውን አንድ አድርጎ አያሽግላችሁም፣ እሱ የሚሠራው በፋይል በፋይሉ ነው። መጀመሪያ ታር፣ ማለትም ብዙ ፋይል አንድ ላይ የሚያሽግ ኮማንድ ያስፈልጋል፦

ታር ሁለት ዳሽ ዜድኤስቲዲ ዳሽ ሲኤፍ ሥራ.ታር.ዜድኤስቲ ሥራ

ለመፍታት ታር ዳሽ ኤክስኤፍ ከዛ የፋይሉን ስም፣ ዓይነቱን ራሱ ያውቀዋል። አሮጌ ሰርቨር ላይ ያለ ታር ሁለት ዳሽ ዜድኤስቲዲ የሚለውን ላያውቀው ይችላል፣ ያኔ ታሩን ለብቻ ሠርታችሁ ከዛ ጨምቁት፣ ውጤቱ አንድ ነው።

ዲስኩ ሊሞላ ከደረሰ ደግሞ ትልቁን ባካፕ መጀመሪያ ጽፎ ከዛ መጨመቅ አያስፈልግም። ማይኤስኪውኤልደምፕ (የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝን ባካፕ የሚያወጣው ኮማንድ) ብላችሁ የዳታቤዙን ስም ከጻፋችሁ በኋላ ቁም መስመሯን፣ ማለትም የአንዱን ኮማንድ ውጤት ለቀጣዩ የምታቀብለውን ፓይፕ አስገቡ፣ ቀጥሎ ዜድኤስቲዲ፣ የሚበልጥ ምልክት፣ የፋይል ስም። ዳታው እየወጣ እየተጨመቀ ይሄዳል፣ ያልተጨመቀው ዲስክ ላይ ጭራሽ አያርፍም። ውስጡን ለማየትም መፍታት አይጠበቅባችሁም፣ ዜድኤስቲዲካት በሉትና በፓይፕ ወደ ግሬፕ፣ ማለትም ቃል ፈልጎ ወደሚያወጣው ኮማንድ ስደዱት፣ የአንድ ወር ሎግ ውስጥ አንዲት ኤረር ስፈልግ እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው።

ለሰው ከመላካችሁ በፊት ግን ማን ነው የሚከፍተው የሚለውን አስቡበት። ሊኑክስ ያለው አይቸገርም፣ የቢሮ ዊንዶውስ ላይ ለሚሠራ ሰው ከላካችሁ ግን "ይሄ ምንድነው አልከፍት አለኝ" የሚል ስልክ ሊመጣባችሁ ይችላል፣ ለሱ ዝም ብላችሁ በዚፕ ላኩለት።