የሚያፈስ የቆርቆሮ አሸንዳን እንዴት እንጠግን?

ደብረ ብርሃን ያለው የእናቴ ቤት ሁለት ክረምት ሙሉ ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል። ከሥሩ ድስት እያደረግን ነበር የምንተኛው። ኮርኒሱ ከራሰበት ቦታ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ሁሉ ሬንጅ ቀባነው። አልቆመም። ቀዳዳው የተገኘው ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሁለቱ ክዳኖች በሚገናኙበት የመሀል አሸንዳ ላይ ነው። ውሃ በእንጨቱ ላይ እየሄደ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከጠብታው ወደ ላይ ፈልጉ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ በልግም ስላለ ሥራውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጨርሱት። ግን በማለዳ አትውጡ። ውርጭ ያደረበት ቆርቆሮ ክፉኛ ያንሸራትታል፤ ሲሊኮንም እርጥብ ላይ አይዝም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። ስትረግጡ የምስማሩን መስመር ተከተሉ፤ ከሥሩ እንጨት አለ።

መጀመሪያ አሸንዳውን ጥረጉ። የባህር ዛፍ ቅጠልና አፈር ተጋግሮ ውሃውን ይገድበዋል፤ የተገደበው ውሃ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ሾልኮ ይገባል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

ጠርጋችሁም ካፈሰሰ በጆግ ውሃ ፈትኑት። ከታች ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ አፍስሱ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ኮርኒሱን ይይ። «መጣ!» ሲል እዚያው በኖራ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ አድርቁት፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀቡት። የምስማር ቀዳዳ ከሆነ ሲሊኮን ይበቃዋል። ሰፋ ካለ ቀዳዳውን በየአቅጣጫው 10 ሳንቲ ሜትር የሚያልፍ ላሜራ ቁረጡ፤ ሲሊኮን በደንብ ቀብታችሁ ለጥፉ። ሲሚንቶ አትሞክሩ። 6 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለዋወጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ወይም ያጥራል። እዚህ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ቁር ነው፤ ደረቅ ነገር ይሰነጠቃል።

አሸንዳው ወንፊት ከሆነ ግን መለጠፍ ድካም ነው፣ ቀይሩት። ከታች ጀምሩ፤ የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። በሁለቱም ጎን ከክዳኑ ሥር በደንብ ይግባ። ውሃ የሚሄድበት መሀሉ ላይ አንድም ምስማር አትምቱ። የእናቴን ቤት ያበላሸው እሱ ነበር፤ የመታው ሰው ሊያጠብቀው አስቦ ነው።

የጠርዙ አሸንዳ ውሃ ካቆረ መያዣ ብረቱን አስተካክሉ። ለእያንዳንዱ ሜትር ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ መውረጃው ቱቦ ዘቅዘቅ ይበል።

ሲሊኮኑ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። በማግስቱ ጆጉን ይዛችሁ ውጡና ደግማችሁ አፍስሱ።