ሥልጠናው ተሰጠ፣ ማስተማሩ አልተለወጠም፦ መምህራንን ለኦንላይን ትምህርት ሲያሠለጥኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2020 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከክፍል ውጭ ሆኑ። መምህራን በቀናት ውስጥ ስክሪን ፊት እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ሥልጠና የተባለውም በአብዛኛው የቪዲዮ መሰብሰቢያውን መክፈትና መዝጋት ከማሳየት አላለፈም። የጭንቅ ጊዜ ሥራ ስለነበር አይወቀስም። የሚወቀሰው ከዚያ ወዲህ ጊዜም ልምድም እያለ ሥልጠናው እዚያው ላይ ቆሞ መቅረቱ ነው። መምህራኑ ይጠራሉ፣ ይሠለጥናሉ፣ የምስክር ወረቀት ይቀበላሉ፤ በወሩ ትምህርታቸውን ገብቶ የተከታተለ ሰው ግን የተለወጠ ነገር አያገኝም። ጥፋቱን በመምህራኑ ላይ መለጠፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ችግሩ ያለው ሥልጠናው ራሱ የሚሰብከውን ባለማድረጉ ላይ ይመስለኛል። ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

አዝራሩን አሳይቶ ማስተማሩን መርሳት

የብዙ ሥልጠናዎች መርሐ ግብር ሲነበብ «የዙም አጠቃቀም»፣ «የሙድል አጠቃቀም»፣ «የጎግል ክላስሩም አጠቃቀም» እያለ የማስተማሪያ ሶፍትዌሮችን ስም ሲደረድር ይወርዳል። ተማሪ የሚባል ፍጡር በመርሐ ግብሩ ውስጥ አይገኝም።

የትምህርት ተመራማሪው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ያመለከቱት ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ይዘቱን ማወቅና የማስተማር ዘዴን ማወቅ ለየብቻቸው አይበቁም፤ መምህርን ከሌላው የሙያው አዋቂ የሚለየው ያንን ይዘት ለተማሪ እንዴት እንደሚያቀርበውና ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ማወቁ ነው። ተመራማሪዎቹ ፑንያ ሚሽራና ማቲው ኮህለር እ.ኤ.አ. በ2006 ቴክኖሎጂን ሲጨምሩበትም ያሉት ይህንኑ ነው፦ ይዘቱ፣ ዘዴውና መሣሪያው ተነጣጥለው ሳይሆን ተጋጥመው መታወቅ አለባቸው።

በቀጥታ ትምህርት መሀል ተማሪዎች መልስ የሚመርጡበትን መጠይቅ እንውሰድ። አከፋፈቱን ለማሳየት ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። የሒሳብ መምህሩ በዚህ መሣሪያ «ክፍልፋይ መደመር ገብቷችኋል?» ብሎ ቢጠይቅ ሁሉም «አዎ» ይላሉ፤ መምህሩም ከመጠየቁ በፊት ከነበረው የተሻለ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?» ብሎ ከምርጫዎቹ መካከል «ሁለት አምስተኛ»ን ቢያስቀምጥ ግን፣ ላይኛውን ከላይኛው ታችኛውን ከታችኛው ጋር የሚደምሩት ተማሪዎች ወዲያውኑ ይታወቁታል። የክፍሉ ሢሶ ይህንን ከመረጠ ወደሚቀጥለው ስላይድ ማለፍ ዋጋ የለውም። እንግዲህ የሥልጠናው ጊዜ መዋል ያለበት ይህቺን የተሳሳተች ምርጫ በመፈለግ ላይ ነው። የታሪክ መምህሩም የባዮሎጂ መምህርቷም ተማሪዎቻቸው ዘወትር የሚሳሳቱትን አንድ ነገር ይዘው ይምጡ፤ መሣሪያው በዚያ ላይ ይሞከር። ለዚህ ነው ሠልጣኞችን በትምህርት ዓይነታቸው መመደብ በኮምፒውተር ችሎታቸው ከመመደብ የሚሻለው።

ስለ ተሳትፎ ያለ ተሳትፎ ማስተማር

ሠልጣኞች አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው፣ አሠልጣኙ ከፊት ቆሞ፣ «ተማሪን ማሳተፍ» በሚል ርዕስ ሦስት ሰዓት ሲናገር የሚውልበት ሥልጠና እንግዳ ነገር አይደለም። መምህር ደግሞ ከተነገረው ይልቅ የተማረበትን መንገድ ይዞ ይወጣል። ሦስት ሰዓት የተነገረው ሰው ተማሪዎቹንም ሦስት ሰዓት ይነግራቸዋል።

የኦንላይን መምህር የሚሆን ሰው መጀመሪያ የኦንላይን ተማሪ መሆን አለበት። በብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ጊሊ ሳልመን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ባለ አምስት ደረጃ ሞዴል የኦንላይን ተማሪን ጉዞ ይዘረዝራል፤ ገብቶ መነሳሳት፣ መተዋወቅ፣ መረጃ መለዋወጥ፣ እውቀትን በጋራ መገንባት፣ በመጨረሻም በራስ ማደግ። ሁለተኛው ደረጃ ከተዘለለ አራተኛው እንደማይመጣ ለሠልጣኝ መንገር ይቻላል። ነገር ግን ራሱ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተመድቦ፣ ማን መጀመሪያ ይናገር እየተባባሉ አምስት ደቂቃ ያቃጠለ ሠልጣኝ ነገሩን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

እኔ ከዚህም አልፌ ሠልጣኙ ትንሽ መከራ ይቅመስ ባይ ነኝ። ትእዛዙ ግልጽ ያልሆነ የቤት ሥራ ይሰጠው። የጻፈው ሐሳብ በውይይት መድረኩ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ መልስ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተሰማው ይጠየቅና ሆን ተብሎ እንደተደረገ ይነገረው። የግብረ መልስን አስፈላጊነት በዚህ ልክ የሚያስረዳ ስላይድ እስካሁን አላየሁም።

የክፍሉን ሰዓት እንዳለ ወደ ስክሪን መገልበጥ

በክፍል ስድስት ክፍለ ጊዜ ከነበረ በስክሪንም ስድስት ይሁን የሚለው አሠራር ከአስተዳዳሪዎች ቢመጣም ሥልጠናዎች ሳይሞግቱት ያልፋሉ። ሠልጣኙ ለእያንዳንዱ የትምህርቱ ክፍል አንድ ጥያቄ እንዲያነሣ መልመድ አለበት፦ ይህ ሁላችንም በአንድ ጊዜ መገኘታችንን ይፈልጋል? ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ አይፈልግም፤ ሊቀዳ ወይም ሊጻፍ፣ ተማሪውም በራሱ ሰዓት ደጋግሞ ሊያየው ይችላል። ጥያቄ፣ ክርክር፣ አብሮ መሥራትና ስህተት ማረም ግን ይፈልጋሉ። የቀጥታው ጊዜ ለእነዚህ ይቆጠብ።

የዳታው ነገርም አለ። በሴኮንድ አንድ ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት ወደ 450 ሜጋ ባይት ይበላል፤ በሴኮንድ 80 ኪሎ ቢት የሚወስድ ድምፅ ብቻ ከሆነ ወደ 36 ሜጋ ባይት ነው። ስድስት ክፍለ ጊዜ በቪዲዮ እንዲከታተል የሚጠየቅ ተማሪ ያለበትን ወጪ ለማስላት የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ሥልጠናው ግንኙነት ሲቋረጥ ትምህርቱ በምን እንደሚቀጥል ማሠራት አለበት፤ በድምፅ ቅጂ፣ በጽሑፍ፣ በቴሌግራም በሚላክ ሥራ።

ስለ ቪዲዮ ርዝመት ብዙ ስለሚወራ አንድ ነገር ልጨምር። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ኢዲኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም የእይታዎቹ መካከለኛ (ሚዲያን) ርዝመት ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ያህል መሆኑን አይተዋል። ቪዲዮን አጭር ለማድረግ ጥሩ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ደቂቃን ሕግ አድርጎ የሚሰብክ አሠልጣኝ ጥናቱ ያላለውን እየጨመረ ነው፤ የተለካው ተማሪዎች በቪዲዮው ላይ የቆዩበት ጊዜ እንጂ የተማሩት መጠን አልነበረም።

ዝምታን መፍራት፣ ካሜራን ማስገደድ

«ጥያቄ አላችሁ?» ይላል መምህሩ። ዝም። «እሺ፣ እንቀጥል።» ይህ ሁሉ የሚፈጀው ሁለት ሴኮንድ ነው፤ ያልገባው ተማሪ ማይክሮፎኑን የሚከፍትበትን ቦታ ገና አላገኘም።

የትምህርት ተመራማሪዋ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ባሳተሟቸው ጥናቶች መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል መሆኑን፣ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ብዙ ተማሪዎች እንደሚሳተፉ አሳይተዋል። ያ በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ለተቀመጡ ነው። በኦንላይን የድምፁ መዘግየት፣ ማይክሮፎን መክፈቱና መጻፉ ሲጨመርበት ከዚያም በላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ለራሴ የምሰጠው ምክር እስከ 10 በልብ መቁጠር ነው። ቀላል ይመስላል፤ በልምምድ ሰዓት የሚሞክሩት ሠልጣኞች አብዛኞቹ ግን አራት ላይ ሲደርሱ መናገር ይጀምራሉ።

ዝምታውን ወደ ሥራ የሚለውጥ አንድ ዘዴ ደግሞ አለ። መምህሩ ጥያቄውን ይጠይቅና «ሁላችሁም መልሳችሁን ቻቱ ላይ ጻፉ፤ ላኩ እስክል ድረስ ግን አትላኩ» ይላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ «ላኩ» ሲል መልሶቹ ባንድ ጊዜ ይዘንባሉ። ፈጣኑ ተማሪ የሌሎቹን አፍ አይዘጋም፣ ዓይን አፋሩ ከሌላ አይቀዳም፣ መምህሩም የክፍሉን ሐሳብ በአንድ ዕይታ ያነብባል። ይህ በሥልጠና ላይ ተነግሮ የሚታለፍ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ቢያንስ አንድ ጊዜ ራሱ መምራት አለበት።

ካሜራን በተመለከተ፣ ማስገደድ ብዙ አያስገኝም። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2021 የቪዲዮ ስብሰባ ድካምን ምክንያቶች ሲዘረዝሩ አራት ጠቅሰዋል፤ በቅርበት ዓይን ለዓይን መፋጠጥ፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋል፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስ፣ የሰውነት ምልክትን ለመስጠትና ለማንበብ የሚጠየቀው ተጨማሪ የአእምሮ ሥራ። በዚያ ላይ የቤቱን ሁኔታ ማሳየት የማይፈልግ ተማሪ አለ። ፊቱ የሚታይ ተማሪ ሁሉ እየተከታተለ ነው ማለትም አይቻልም። ተማሪው መኖሩ የሚታወቀው በሚሠራው ሥራ ነው።

«በቡድን ተወያዩ» ብሎ መስደድ

ተማሪዎች ወደ ትንንሽ ክፍሎች ሲከፋፈሉ መምህሩ ትእዛዙን በስላይድ ላይ ትቶት ይቀራል፤ እነርሱ ሲገቡ ስላይዱ የለም። «ምን ነበር የተባልነው?» እየተባባሉ ሰዓቱ ያልቃል። «ስለ አፈር መሸርሸር ተወያዩ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ቢታወስም አያሠራም። ይህንን ከሚከተለው ጋር ያነጻጽሩት፦ «አራት ሆናችሁ 8 ደቂቃ ትሠራላችሁ። ሁለቱን ፎቶዎች ተመልከቱ። የትኛው ማሳ ቀድሞ እንደሚሸረሸር ወስኑና ሁለት ምክንያቶች በጋራ ሰነዱ ላይ በቡድናችሁ ቁጥር ሥር ጻፉ። የልደት ቀኑ ለዛሬ የሚቀርበው ሰው ይጽፋል።» ጊዜው፣ ውሳኔው፣ የሚጻፍበት ቦታና ጸሐፊው ታውቀዋል። ትእዛዙም ተማሪዎቹ ከመሄዳቸው በፊት በቻት ወይም በሰነዱ ራስጌ ላይ ተለጥፏል። ሠልጣኞችን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አጽፎ ለሌላ ቡድን መስጠትና ምን ግራ እንዳጋባቸው መስማት ከየትኛውም ገለጻ ይበልጣል።

ለኩረጃ ዘብ ሲቆሙ መዋል

ምዘና በሥልጠና ላይ ሲነሣ ውይይቱ ሁሉ ኩረጃን ወደ መቆጣጠር ይሄዳል። ቁጥጥሩ አያስፈልግም አልልም፤ ጥያቄው ግን ቀድሞ መታየት አለበት። መልሱ ተፈልጎ በአንድ ደቂቃ የሚገኝ ጥያቄ ጥበቃውን ቢያጠናክሩትም ያው ነው። ተማሪው ረቂቁን፣ ከዚያም ያረመውን አቅርቦ ለምን እንዳረመው በሁለት ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ቢያስረዳ ከፈተናው ይበልጥ ስለ እርሱ ያሳውቃል። አጫጭርና ነጥብ የማይያዝባቸው ጥያቄዎችን ቶሎ ቶሎ መስጠትም ያተርፋል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት የተማሩትን አስታውሶ ማውጣት ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ለረጅም ጊዜ በአእምሮ ያቆያል።

በዝርዝሩ መጨረሻ የሚረሱት

ስላይዱን በጽሑፍ ሞልቶ ያንኑ ማንበብ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የሪቻርድ ሜየር ጥናቶች ሥዕል እየታየ የሚነገረውን ንግግር ቃል በቃል በጽሑፍ መድገም ብዙ ጊዜ ትምህርቱን እንደሚያውክ አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን የመስማት ችግር ላለበት ተማሪ የቪዲዮው የግርጌ ጽሑፍ ይቅር ማለት አይደለም፤ ያ ተማሪው ሊከፍተውና ሊዘጋው የሚችል መሆን አለበት። በስልክ የሚማር ተማሪ ፊደሉ ይነበበዋል ወይ የሚለውም በሥልጠናው አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ላይ አይታወቅም፤ ሠልጣኙ የራሱን ስላይድ በራሱ ስልክ ከፍቶ ይየው።

አንድ ጊዜ አሠልጥኖ መሰናበት

የትምህርት ተመራማሪዎቹ ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የመምህራን ሥልጠና ምን ምን እንደሚያስፈልገው ሲተነትኑ አምስት ነገሮች ዘርዝረዋል፤ ንድፈ ሐሳብ፣ ማሳያ፣ ልምምድ፣ ግብረ መልስና በሥራ ቦታ የሚደረግ ድጋፍ። አብዛኛው ሥልጠና ሁለተኛው ላይ ያበቃል። እነርሱ አጥብቀው የተናገሩት ደግሞ ስለ መጨረሻው ነው፤ ያለ እርሱ የተማሩት አዲስ ዘዴ ወደ ክፍል ሳይገባ ይቀራል።

የሥራ ቦታ ድጋፍ ሲባል ትልቅ መዋቅር መጠበቅ አይገባም። መምህሩ ከተቀዳ ትምህርቱ 10 ደቂቃ ይመርጣል፤ አንድ ባልደረባው አብሮ ያየዋል። ባልደረባው አስተያየት ከመስጠቱ በፊት ይቆጥራል፤ ከጥያቄ በኋላ ስንት ሴኮንድ እንደተጠበቀ፣ ስንት የተለያዩ ተማሪዎች እንደተናገሩ ወይም እንደጻፉ። ከዚያ ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሚለወጥ አንድ ነገር ብቻ ይመረጣል። ተመልካቹ አለቃ መሆን የለበትም፤ ቅጂውም ወደ ሥራ አፈጻጸም ምዘና ከገባ መምህሩ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያሳየው የተሻለውን ክፍሉን ብቻ ነው፣ ከዚያም ምንም አይገኝም።

የሥልጠናው ውጤት የሚለካበትም መንገድ እዚሁ ላይ ይበላሻል። በመጨረሻው ቀን የሚሞላው የእርካታ ቅጽ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ካስቀመጧቸው አራት የግምገማ ደረጃዎች የመጀመሪያውን፣ ማለትም የሠልጣኙን ስሜት ብቻ ይነግረናል። ተማረ ወይ፣ በሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ተማሪዎቹስ ምን አተረፉ የሚሉት ከወራት በኋላ የሚጠየቁ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ጠያቂው የለም።

በጀቱ ለሦስት ቀን ሥልጠና ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ አንዱን ቀን በመጀመሪያ ወስዶ የቀሩትን ሁለት ቀናት በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ሰዓት አድርጎ በትምህርት ዓመቱ ላይ መዘርጋት ይሻላል፤ ያም በኦንላይን። አስተዳዳሪውም ያንን ሰዓት ከመምህሩ የማስተማር ጫና ላይ ይቀንስለት።