የባለ አዝራር አኮርዲዮን ኪ ስንለይ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ አዝራር ተጫኑና ወናፉን ግፉ፤ ከዚያ ሳቡት። ድምፁ ካልተለወጠ ኪ (መሣሪያው የተሠራበትን መሠረታዊ ድምፅና ስኬል) አትፈልጉለት። የሩሲያው ባያንና ሌሎቹ ክሮማቲክ አኮርዲዮኖች ሲገፉም ሲሳቡም ያው ድምፅ ነው የሚሰጡት፤ በሁሉም ኪ ይጫወታሉ። እኛ አገር የለመድነው ባለ ፒያኖውም እንደዚያው ነው። ኪው የሚጠየቀው ዳያቶኒኩ ነው፤ ሲገፋ አንድ፣ ሲሳብ ሌላ ድምፅ የሚያወጣው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ስህተት ልምጣ። ሰዎች የመጀመሪያውን ወፍራም ድምፅ ይጫናሉ። ስልካቸው ላይ ያለው ቱነር (የድምፅ መለኪያ) «ኢ» ይላቸዋል። በቃ፣ «አኮርዲዮኔ ኢ ነው» ብለው ይደመድማሉ። አይደለም! ባለ አንድ ረድፍ፣ ባለ አስር አዝራር የ«ሲ» አኮርዲዮን በተለመደው አደራደር ሲገፋ የሚሰጠው «ኢ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ሲ» እያለ ነው። «ሲ» የሚገኘው ሦስተኛው አዝራር ላይ ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በዚህ ተሳስቶ ለድምፃዊቷ «በኢ እንሠራለን» አላት። ልምምዱ ተበላሸ። ልጁም ጆሮ የለኝም ብሎ መሣሪያውን ሊሸጠው ነበር። ጆሮው ምንም አልሆነም፤ በአንድ አዝራር መፍረዱ ነው ጉድ የሠራው።

«እሺ፣ ሦስተኛውን ልቁጠር» እንዳትሉ። መሠረቱ አራተኛው ላይ የሚጀምርባቸውም አሉ። ይልቅ ረድፉ መሃል ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሦስት አዝራሮችን አንድ ላይ ይዛችሁ ግፉ። ሜጀር ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ሦስት ድምፆች) ይወጣል። የኮርዱ መሠረት ኪው ነው። ድምፆቹ ኢ፣ ጂ እና ሲ ከሆኑ፣ በየትኛውም ቅደም ተከተል ይምጡ፣ «ሲ ሜጀር» ነው።

ይሄ ለምን ያሳስበኛል? ትዝታ ሜጀር በ«ሲ» ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ይፈልጋል። አምስቱም በ«ሲ» አኮርዲዮን ላይ ቁጭ ብለዋል። ዘፋኟ «በኢ ፍላት ይሁንልኝ» ካለች ግን መሣሪያው አይከተላትም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት እወቁት።

እየሳባችሁ አትለዩ። ሲሳብ የሚወጡት የቀሩት የስኬሉ ድምፆች ናቸው፤ ያሳስቷችኋል። የግራ እጁን ባስ ግን አትርሱት። ባለ አንድ ረድፉ ላይ ሲገፋ የኪውን መሠረት፣ ሲሳብ ከመሠረቱ አምስተኛውን ድምፅ ይሰጣል። ጥሩ ማረጋገጫ ነው።

ሁለት ረድፍ ካለው እያንዳንዱን ለብቻው ፈትሹ። አንዱን አውቆ ሌላውን መገመት አይሠራም። ጂ/ሲ እና ዲ/ጂ ላይ ረድፎቹ በአራተኛ (ከጂ እስከ ሲ እንዳለው አራት የስኬል ድምፅ) ይራራቃሉ። በአየርላንድ የሚወደደው ቢ/ሲ ላይ ግን በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው።

የጀርመን መሣሪያ ላይ የተጻፈ ፊደል ስታዩ ደግሞ ቆም በሉ። ሆነር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ በትሮሲንገን የሚሠራ ጀርመናዊ ድርጅት ነው። ጀርመኖች እኛ «ቢ» የምንለውን «ኤች» ይሉታል። የእነሱ «ቢ» የኛ ቢ ፍላት ነው። ሪዶቹ (ድምፅ የሚያወጡት ስስ የብረት ምላሶች) በተሰኩበት ብረት ላይ «ኤች» ተቀርጾ አይታችሁ የማይታወቅ ኪ ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

በመጨረሻ፣ የቱነሩ መርፌ ከተንቀጠቀጠ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ለአንድ ድምፅ ሁለት ወይም ሦስት ሪድ አላቸው፤ በጥቂቱ እንዲለያዩ ሆን ተብሎ ይቃኛሉ። ሬጅስተር (የሚሰሙትን ሪዶች የሚመርጥ ማብሪያ) ካለው አንዱን ሪድ ብቻ አስቀርታችሁ ለኩ። ሁሉም ድምፆች እኩል ወደ 20 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ዝቅ ካሉ መሣሪያው ምናልባት «ኤ»ን በ440 ሳይሆን በአሮጌው 435 ኸርዝ ይዞ የተቃኘ ነው። ቱነሩን ወደ 435 አውርዳችሁ እንደገና ሞክሩ።